የእናቴን ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል?

አንድ ወረቀት ስካን ላድርግ ብዬ አፕ ጫንኩ። ካሜራ ጠየቀኝ፤ ያለ ካሜራ አይሠራምና ፈቀድኩ። ቀጥሎ ያለሁበትን ቦታ ጠየቀ። ከዚያ ስልኬ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ። ወረቀት ለማንሳት የእናቴ ስልክ ቁጥር ምን ይሠራለታል? «አትፍቀድ» ስለው ተዘጋ። እንደገና ስከፍተው ያንኑ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአንድ የእጅ ባትሪ አፕ አዘጋጅን ከስሶ ነበር፤ ተጠቃሚዎች ያሉበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ይሰጥ ስለነበር። የእጅ ባትሪ እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ፈቃዱን አንድ በአንድ እንድንሰጥ ወይም እንድንከለክል አደረገ። ጥሩ ነው። ግን አፑ ካልፈቀድክ አልሠራም ካለ ምኑን መረጥኩት?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የስልክ ቁጥሮቹ ጉዳይ ነው። የኔ ብቻ አይደሉማ። የእናቴ አለ፣ የሐኪሜ አለ፣ አንድ ቀን ብቻ ያወራሁት ሰው አለ። አንዳቸውንም አላስፈቀድኩም።

አፑን አጠፋሁት። ዛሬ ጓደኛዬ ያንኑ አፕ ሲጠቀም አየሁት፤ ሁሉንም «ፍቀድ» ብሎ ነው የጫነው። የኔም ቁጥር እሱ ስልክ ውስጥ አለ።