የመጀመሪያውን የሚከራይ ቤት ሌላ ስቴት ውስጥ መግዛት ያዋጣል? ክርክር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠላሳ ወይም አርባ ሺህ ዶላር ሲያጠራቅም አንድ ምክር በተደጋጋሚ ይሰማል፦ እዚህ ቤቱ ውድ ነው፣ ኦሃዮ ወይም ኢንዲያና ገዝተህ አከራይ። ይህ ለጀማሪ የሚበጅ ምክር ነው? ሁለቱም ተከራካሪዎች የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ናቸው። ደጋፊዋ በኦሃዮዋ ከተማ ክሊቭላንድ ውስጥ ቤት የሚያከራዩ ነርስ ሲሆኑ፣ ተቃዋሚው የብዙ ቤተሰቦችን ዓመታዊ ግብር የሚሠሩ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊ፦

ከአቅም ልጀምር። እዚህ አካባቢ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚጠየቅበት ታውንሃውስ ብርቅ አይደለም። ባንኮች ደግሞ ባለቤቱ ለማይኖርበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ቢያንስ መቶ ሺህ ዶላር ማለት ነው። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ይህን እስክታጠራቅም ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ይወጣሉ። ክሊቭላንድ ውስጥ ግን በ120,000 ዶላር አካባቢ፣ ሠርተው የሚያድሩ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ማግኘት ይቻላል። ቅድሚያ ክፍያው 30,000 ነው። ይህ በዕቁብና በትርፍ ሰዓት ሥራ የሚደረስበት ገንዘብ ነው።

ቤቱ ሩቅ ነው የሚለውን ሥጋት እረዳለሁ፤ ግን አልቀበለውም። አዲስ አበባ ላይ ኮንዶሚኒየም ገዝተን፣ ለዘመድ ውክልና ሰጥተን፣ ኪራዩ ምን ላይ እንደደረሰ እንኳ በቅጡ ሳናውቅ የምንኖር ስንት ነን? በኦሃዮ ከኪራዩ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚወስድ አስተዳዳሪ ድርጅት ተከራይ ይፈልጋል፣ ኪራይ ይሰበስባል፣ በየወሩ ሒሳብ ይልካል። የጽሑፍ ውል አለ፣ ውሉን የሚያስከብር ፍርድ ቤትም አለ። በግብር በኩልም ሕጉ የሕንፃውን ዋጋ በ27.5 ዓመት ከፋፍሎ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢ ላይ መቀነስ ይፈቅዳል። መሬቱ ተቀንሶ ሕንፃው መቶ ሺህ ቢገመት፣ በዓመት ከኪራዩ ገቢ 3,636 ዶላሩ ላይ ግብር አይታሰብም።

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ እርስዎ በጠሩት ዋጋ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቤቱ በ120,000 ተገዛ፣ ኪራዩ በወር 1,200 ነው እንበል። በ90,000 ብድር፣ በ7 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት የባንኩ ክፍያ 599 ዶላር ይመጣል። የንብረት ግብር 220፣ ኢንሹራንስ 100 እንያዝ። ሻጩ እዚህ ላይ ያቆምና በወር 281 ዶላር ይተርፋል ብሎ ያስተዋውቃል። አሁን ለአስተዳዳሪው 120 ይጨምሩ። በዓመት አንድ ወር ቤቱ ባዶ ቢቆም በወር 100 ነው። ለጥገና ከኪራዩ አሥር በመቶ ሲቀመጥ 120 ነው። ድምሩ 1,259 ይደርሳል። ባለቤቷ ቤት ስላላት በየወሩ 59 ዶላር ከደመወዟ ትከፍላለች። አስተዳዳሪው አዲስ ተከራይ ባስገባ ቁጥር የሚወስደው የግማሽ ወር ወይም የሙሉ ወር ኪራይ ገና አልተቆጠረም።

የግብር ቅናሹን በተመለከተ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ይህ ነው። የባልና የሚስት ገቢ አንድ ላይ ከ150,000 ዶላር ካለፈ፣ ከኪራይ ቤት የመጣውን ኪሳራ ከደመወዝ ላይ መቀነስ አይቻልም፤ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይተላለፋል። በዚህ አካባቢ አንድ ነርስና አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ተጋብተው ከዚህ በላይ ሊያገኙ ይችላሉ። ቤቱ ሲሸጥም ያ በየዓመቱ የተቀነሰው ገንዘብ ተመልሶ እስከ 25 በመቶ ግብር ይጠየቅበታል። ክሊቭላንድ ላይ ያተረፈ ሰው ደግሞ ለፌዴራል፣ ለሜሪላንድ፣ ለኦሃዮና ለከተማው ራሱ ሒሳብ ማቅረብ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የንብረት ግብሩ ጉዳይ ነው። የኢንዲያና ሕገ መንግሥት ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብሩ ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል፤ ለሚከራይ ቤት ግን ጣሪያው 2 በመቶ ነው። ጀማሪ ገዢ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ቤት ሲያይ ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው አሮጊቷ ባለቤት ስትከፍለው የነበረውን ግብር ነው። ቤቱ ለኪራይ ሲዞር በነዋሪነት ታገኘው የነበረው ቅናሽ ሁሉ ይነሳል፤ ክፍያው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህንን በአካባቢው የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሩቅ የገዛው የሚያውቀው ደረሰኙ ሲደርሰው ነው።

ደጋፊ፦

ወንድሜ፣ ሒሳብዎ ትክክል ነው፤ እኔም ያንን ቤት በ1,200 ኪራይ አልገዛውም። በዚያው ዋጋ 1,450 የሚከራይ ቤት ሲሆን ሁሉም ወጪ ተቆጥሮ በወር ወደ 120 ዶላር ይተርፋል። እንዲህ ያለው ቤት እስኪገኝ ብዙ ቤት መጣል ያስፈልጋል። ለጀማሪ የምለውም ይህንኑ ነው፤ ሻጩ የላከውን ሠንጠረዥ ትቶ የራሱን ይሥራ። የንብረት ግብሩን ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት በስልክ ይጠይቅ፤ ጥያቄውም «እኔ ሳልኖርበት ባከራየው ስንት ይሆናል?» የሚል ይሁን።

የሚያከስረው ርቀቱ ሳይሆን አንድ ድርጅት ሻጭም፣ አዳሽም፣ አስተዳዳሪም ሲሆን ዝም ብሎ ማመን ነው። ታድሶና ተከራይ ገብቶበት የሚሸጥ ቤት ላይ ቀለሙ አዲስ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ ያለውን ማን አየው? ስለዚህ ቤቱን የሚፈትሸውን መርማሪ ገዢው ራሱ ይቅጠር፣ ሻጩ የጠቆመውን አይውሰድ። በክሊቭላንድ አሮጌ ቤቶች ከቤቱ ወደ መንገድ የሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሸክላ ነው፤ የዛፍ ሥር ይገባበታል። በካሜራ ማስፈተሽ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ቱቦውን መቀየር ግን ከአሥር ሺህ ሊያልፍ ይችላል። የካሜራውን ቪዲዮ ሳያዩ መፈረም አይገባም።

የከተማውን ሕግም ማወቅ ግድ ነው። በክሊቭላንድ ከ1978 በፊት የተሠራ የሚከራይ ቤት እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ካለበት ቀለም አደጋ ነፃ ስለመሆኑ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ በ2024 የወጣ ደንብ ደግሞ ከሌላ አካባቢ ለሚያከራዩ ባለቤቶች በቅርብ የሚኖር ተጠሪ ግለሰብ እንዲሰይሙ ያዛል። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያዩት አሉ። በእርሳስ የሚመረዙት ሕፃናት የተከራዮቻችን ልጆች ናቸውና እኔ ደንቡን እደግፈዋለሁ።

ቅርብ መግዛትስ ቀላል ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ገድቧል።

ተቃዋሚ፦

ያ ገደብ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሏቸውን ግለሰቦች አይመለከትም። እየተነጋገርን ያለነው ስለ ጀማሪ ከሆነ፣ እሱን አይነካውም።

አማራጬን ልናገር። ቤት የሌለው ሰው የፌዴራል መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው በኤፍ ኤች ኤ ብድር በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ እስከ አራት ቤተሰብ የሚያኖር ቤት መግዛት ይችላል፤ ግዴታው እዚያው ገብቶ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መኖር ነው። ለ500,000 ዶላር ቤት 17,500 ማለት ነው፤ ግዢው ሲፈጸም የሚከፈለው የመዝጊያ ወጪ ለብቻው ነው። በ6.5 በመቶ ወለድ ከግብሩና ከኢንሹራንሱ ጋር ወርሃዊ ክፍያው ከ3,800 ይበልጣል። ቤዝመንቱ የካውንቲውን የኪራይ ፈቃድ አግኝቶ በ1,400 ቢከራይ ቀሪው 2,400 ይሆናል። ዛሬ ለአፓርታማ 2,000 የሚከፍል ሰው 400 ጨምሮ የቤት ባለቤት ይሆናል፣ አከራይነትንም ደረጃ ወርዶ በር እያንኳኳ ይማራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሩቅ የሚጀምር ሰው ቧንቧ ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል ሳያውቅ የቧንቧ ሠራተኛ ደረሰኝ ያጸድቃል።

ደጋፊ፦

መንገዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚኖሩበት ቤት አላቸው፣ ቤዝመንታቸውም ውስጥ እናት አባታቸው ይኖራሉ። ለእነሱ ይህ በር ተዘግቷል። ደረሰኙን በተመለከተ መፍትሔው ውሉ ውስጥ ነው፦ ከ300 ዶላር በላይ የሆነ ጥገና ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሠራም፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ይላካል፣ አስተዳዳሪው በጥገና ላይ የራሱን ትርፍ የሚጨምር ከሆነ መጠኑ ይጻፋል፣ ውሉን በ30 ቀን ማስታወቂያ ማፍረስ ይቻላል። ይህን የማይፈርም ድርጅት ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው። 30,000 ለቅድሚያ ክፍያ፣ 10,000 ለመጠባበቂያ ሳይሟላ ለሚመጣ ሰው ግን እኔም «ቆይ» ነው የምለው።

ተቃዋሚ፦

አሥር ሺህ አይበቃም። ቤቱ በጥር ወር ባዶ ሆኖ ማሞቂያው ቢቆም ቧንቧው ይፈነዳል። ብዙ የአከራይ ኢንሹራንሶች ደግሞ ቤቱ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ሰው ካልኖረበት እንዲህ ያለውን ጉዳት አይከፍሉም። ባለቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ወለሉ ውኃ መሙላቱን የምትሰማው ጎረቤት ሲደውል ነው። ከቅድሚያ ክፍያውና ከመዝጊያ ወጪው ሌላ ሃያ ሺህ ዶላር ባንክ ውስጥ ሳትነካው ማስቀመጥ የምትችል ሰው ብትመጣ፣ ኦሃዮን አብሬያት አያለሁ።