የአርበኞቹን መዝገብ ለዝናብ የሰጠን እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ጎፈር ደፍተው ጋሻ አንግተው ለሚያልፉት አርበኞች እናጨበጭባለን። ስማቸው የሰፈረበት መዝገብ በክረምት ደጅ ሲወረወር ግን ጃንጥላችንን ዘርግተን አለፍን። ይህን ይቅር ማለት አልችልም።

መሃል ከተማ ያለው አሮጌው የአርበኞች አዳራሽ እንዲለቀቅ ሲታዘዝ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ተቆጥሮ በፊርማ ርክክብ ተደረገበት። መዝገቦቹን የቆጠረ የለም። ከቁም ሳጥን ወጥተው በማዳበሪያ ከረጢት ታጨቁ፤ ግድግዳ ሥር ተደረደሩ፤ ማታውን ዘነበ። በማግስቱም ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጥቂቶቹ ሲፈቱ ወረቀቱ ሻግቷል፤ በብዕር የተጻፈው ስም ሰማያዊ እድፍ ሆኗል፤ ፎቶግራፎቹ ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። አንዱ ሊያላቅቅ ጎተተ፤ የሰዎቹ መልክ ተልጦ ቀረ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ከተሸነፍን በኋላ አምስት ዓመት በየዱሩ የታገለው ሰው፣ በማን ሥር እንደዘመተና የት እንደቆሰለ የሚታወቀው በአብዛኛው ጓዶቹ ቀርበው በመሰከሩለት ቃል ነው። ከተማ ተቀምጣ ጥይትና ወሬ ታቀብል የነበረችው የውስጥ አርበኛማ ከዚያ ቃል ሌላ ምን አላት? መስካሪዎቹ አልፈዋል። አዳራሽ እንደገና ይሠራል፤ እነሱን ግን ከየት እናመጣለን?

የሚያንገበግበኝ ማዳኑ ቀላል መሆኑ ነው። የራሰ ወረቀት መሻገት የሚጀምረው በ48 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ነፋስ የሚገባበት ጥላ ውስጥ አስተኝቶ፣ በየጥቂት ገጹ መሃል ያልታተመበት መምጠጫ ወረቀት ማስገባት፣ በራሰ ቁጥርም መለወጥ ነው። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። የተጣበቀ ፎቶግራፍ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ በራሱ እስኪላቀቅ ይጠበቃል እንጂ አይጎተትም። እጅ ካጠረ ደግሞ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ሻጋታውን ያስቆመዋል። በዚያ መንገድ ላይ ፍሪዘር የሌለው ሱቅ ስንት ነው? ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አላቀረብንም።

እባካችሁ፣ የአያቶቻችሁን የምስክር ወረቀትና ሜዳይ ከየሳጥኑ አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ። ከፎቶግራፍ ጀርባ ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። በሚያዝያ 1943 ወደ ኮርያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ በሕይወት ያለ አባት የምታውቁ ካላችሁ፣ ለበዓል ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ድምፁን ቅረጹ።

ከረጢቶቹ ሁሉ ገና አልተፈቱም። ከመሃል የነበሩት ውሃ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሆናል። ደክሞኛል፤ ቢሆንም ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ከረጢቶቹ ያሉበትን መጋዘን ይክፈት። መምጠጫ ወረቀት ይዘን የምንመጣ ጥቂቶች አንጠፋም።