እኔ በግሌ

ባለፈው እሁድ የኮንዶሚኒየም ሳይታችን የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ማስታወቂያው «2፡30 ሰዓት በትክክል» ይላል። «በትክክል» የምትለዋን ሳይ አንድ ሰዓት ጨምሬበት ሄድኩ። እንደዚያም ሆኖ የተገኘነው እኔና የጥበቃው ውሻ ብቻ ነበርን።

መዝገቡ ላይ ስሜን ልጽፍ ጎንበስ ስል የኮሚቴው ጸሐፊ «ባለቤት ነዎት ተከራይ?» አለኝ።

«ተከራይ።»

«እሺ፣ እዚያ ከኋላ ተቀመጥ። ተከራይ ድምፅ አይሰጥም።»

በአንዲት ቃል ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ። በየወሩ የጥበቃና የጽዳት ሊሰበስብ በሬን ሲያንኳኳ ግን አንቱ ነኝ።

የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እግሩ ስንጥቅ ስለሆነ ክብደቴን ወደ ግራ አድርጌ ነው ያደመጥኩት። አጀንዳው አንድ ነው። ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚከራይ ቤት ሊሠራ ታስቧል፤ ነዋሪው ሐሳብ ይስጥበት።

የመጀመሪያው ሰው ተነሱ። «እኔ በግሌ ድሃ ቤት ማግኘቱን አልቃወምም። ግን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።» ሁለተኛዋ ተነሱ። «እኔ በግሌ ደስ ይለኛል። ግን መኪና የት ልናቆም ነው?» ሦስተኛው ደግሞ «እኔ በግሌ ምንም የለኝም፤ ግን የልጆቻችን መጫወቻ ነው» አሉ። እኚህ ሰው አምና ኳስ የመኪናቸውን ስፖኪዮ ነካብኝ ብለው ልጆቹን ከዚያው ሜዳ ያባረሩ ናቸው። ኳሱም አልተመለሰም።

እስከ እረፍት ድረስ 11 «እኔ በግሌ» ቆጠርኩ።

ይቺን አነጋገር ልብ ብላችሁልኛል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በግሉ ክፉ የሆነ ሰው አላጋጠመኝም። ሁሉም በግሉ መልአክ ነው። የቢሮው ሰውዬ በግሉ ቢፈርምልኝ ደስ ይለው ነበር፤ ግን አሠራሩ አይፈቅድም። አከራዬ በግሉ ኪራይ ባይጨምር ደስ ይለው ነበር፤ ግን ኑሮው አልቻል አለ። ታዲያ የሚጨምረው ማን ነው? ሌሊት እየመጣ የሚጨምር ሌላ ሰው አለ?

አከራዬ ከፊቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። ሳይታችን ውስጥ አይኖርም። ለስብሰባው ብሎ በመኪና ነው የመጣው። እኛ በአዋጅ የምንተዳደር ሰዎች ነን። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ ሁለት ውል አለን። አንዱ ለወረዳ፣ አንዱ ለእኛ። የወረዳው ውል ላይ የተጻፈውን ኪራይ ሳየው ያስቀናኛል። እዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ተከራይ ባገኘው ምክር እጠይቀው ነበር።

የአከራይ ነገር ከተነሳ ግን የ1997ቷን እትዬን ሳላነሳ አላልፍም። ሰርቪስ ቤታቸውን ተከራይቼ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት ከቆጣሪው ይጠፋል። የግቢው ቧንቧ በሰንሰለት ታስሮ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። እህቴ ከገጠር መጥታ ሦስት ቀን ብታድር በአራተኛው ቀን «እንግዳ ስንት ቀን ነው የሚባለው?» ብለው ጠየቁኝ። ይኸው 20 ዓመት አለፈው፤ እስካሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በዚያው ሰሞን የኮንዶሚኒየም ምዝገባ መጀመሩን ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መልካም ነው። ብቻ እዚህ ሰፈር አምጥተው በየበረንዳው ልብስ እንዳያሰጡብን!»

በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። በንዴት ነው የተመዘገብኩት ማለት ይቻላል። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ተባልን፤ ተመዘገብን። ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነበርን። 20/80 ማለት 20 በመቶውን አንተ ትቆጥባለህ፣ 80 በመቶው ብድር ነው ማለት ነው። የባንክ ደብተሬ ጠርዙ አልቆ በፕላስተር ተጠግኗል። ሐምሌ 2014 ዕጣ ሲወጣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ስም ወጣ። በግ ታረደ። «ቤት ለእንቦሳ!» ብለን ገና ባልታየ ቤት መረቅን፤ «እንቦሳ እሰሩ!» አለን። ብዙም ሳይቆይ መመዘኛውን የማያሟሉ ሰዎች መረጃው ውስጥ ገብተዋል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ዕጣው ተሰረዘ፣ በጉ ግን አልተሰረዘም። ጓደኛዬ አሁንም ሲያየኝ ጎኔን እየዳሰሰ «የኔ በግ» ይለኛል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ስብሰባው።

ከእረፍት በኋላ የባሰው መጣ። ጥሩ ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ተነስተው «እኔ በግሌ ሰው አልንቅም። ግን እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ሲበዙ ሰፈሩ ይበላሻል» አሉ። ተጨበጨበ። ሴትዮዋ ሲናገሩ ሜጋፎኑን አፋቸው ላይ የያዘላቸው ማን ነው? የሳይታችን ጥበቃ። ወንበሩን በጠዋት ተሸክሞ የደረደረው እሱ ነው። በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ከነሚስቱ ያድራል። ደመወዙ እኔ ለስቱዲዮ የምከፍለውን ግማሽ አይሆንም። «እንደዚህ ዓይነት ሰዎች» ሲባል ክንዱ ሳይንቀጠቀጥ ሜጋፎኑን ትንሽ ከፍ አደረገላቸው፤ ድምፁ እንዳይቆራረጥ። እዚህ ጋ ቀልዴ አለቀ። እናንተ ሰዎች፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ጋዜጣ ዘርግታችሁ ስማችሁን በጣታችሁ ስትፈልጉ አልነበረም እንዴ? ከፍላችሁ ነው የገባችሁት፤ እሱስ እሺ። ግን ዕጣ ነው እኮ! ዕጣ!

ይህንን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። ተከራይ ነኝ።

አንድ የምወዳት ተረት አለች። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ።» ዝንጀሮዋ መላ አካሏን እሾህ ወግቷት የትኛው ይነቀልልሽ ቢሏት ነው እንዲህ ያለችው። ለቤት ጉዳይ ከዚህ የተሻለ አልተተረተም፤ መቀመጫ ከሌለህ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የተረቱን ቀጣይ ክፍል የሚያወራ አለመኖሩ ነው። የመቀመጫዋ እሾህ ወጥቶላት ተደላድላ ከተቀመጠች በኋላ፣ የጎረቤቷ ዝንጀሮ እሾህ ሊነቀል ሲል «እኔ በግሌ አልቃወምም፤ ግን ጩኸቱ ይረብሸናል» ሳትል አልቀረችም።

በመጨረሻ ለወረዳው የሚገባ ደብዳቤ ተነበበ። «እኛ ነዋሪዎች የልማቱ ደጋፊ ስንሆን» ብሎ ይጀምርና ከታች ሁለት ገጽ ሙሉ «ነገር ግን» ነው። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ። ፊርማ ሲሰበሰብ ቁጥሩ አነሰ መሰለኝ፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ይዞ ወደ ኋላ ወንበሮች መጣ።

«እርስዎም ይፈርሙ እንጂ፣ ጋሼ» አለኝ።

«ተከራይ ነኝ እኮ።»

«ግዴለም፣ ስምዎን ብቻ። ተከራይ የሚለውን መጻፍ አያስፈልግም።»

አከራዬ ቆሎውን አቁሞ ዞር ብሎ አየኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ወረቀቱ ላይ ጫን ብዬ ባስኬደው አልጽፍ አለ። ጸሐፊው ሌላ ሊያመጣ ወደ ሰብሳቢው ሲሄድ እኔ ወደ ብሎኬ ሄድኩ። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከታች «ጋሼ! ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሜጋፎን ነው።