ተይዟል

ቅዳሜ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። ስድስት ወንበር፣ አንዲት ሴትዮ። አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ላይ ነጠላ፣ ቦርሳ፣ ቁልፍና የልጅ ጫማ (ልጁ የት እንዳለ እንጃ)። ስድስተኛው ባዶ ነው። ልቀመጥ ስል፣ "ተይዟል ልጄ" አሉኝ።

"በማን?"

"ይመጣሉ።"

ቆሜ በላሁ። ሳህኑን በአንድ እጅ፣ ለስላሳውን በብብት ይዤ ኒውተን ትዝ አለኝ። እሱ ቢኖር ለሴትዮዋ ይፈርድ ነበር። ለእሱ ቦታ ምንም ባይኖርበትም ራሱን ችሎ ያለ ነገር ነው። እንዲያውም እግዚአብሔር ወሰን በሌለው ቦታ፣ ልክ በስሜት ሕዋሱ እንደሚሆን ሁሉ፣ ነገሮችን ያያል ብሎ ጽፏል። ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሄንሪ ሞር በፈረንጆቹ 1671 እግዚአብሔርና ቦታ የሚጋሯቸውን ሃያ ያህል ስሞች ደርድሯል፦ አንድ፣ ዘላለማዊ፣ የማይንቀሳቀስ... የሴትዮዋን ቦርሳ ያየ ይመስል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ ሳቀባቸው። እግዚአብሔር ለማየት ሕዋስ ምን ያደርግለታል? ቦታ ማለት ነገሮች አንዱ ከሌላው አንጻር ያላቸው አቀማመጥ ነው፤ ነገር ከሌለ ቦታ የለም። ደግሞስ ባዶው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ እግዚአብሔር ዓለምን እዚያ ሳይሆን እዚህ ያደረገበት ምክንያት ምንድነው? ለኒውተን የተሟገተው ቄስ ሳሙኤል ክላርክ፣ ፈቃዱ ራሱ በቂ ምክንያት ነው አለ። "ይመጣሉ" እንደማለት።

ላይብኒዝና ክላርክ በ1715 እና 1716 በእንግሊዟ ልዕልት ካሮላይን በኩል አምስት አምስት ደብዳቤ ተጻጻፉ። ኒውተን አንዷንም በስሙ አልጻፈም። ለነገሩ ልማዱ ነው።

አያቴ "ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር" ትል ነበር። ላይብኒዝ ውሃው ሞልቶ ሳለ ገባ። ካልኩለስን (የሂሳብ ዘርፍ ነው) ከኒውተን ሰርቀሃል ሲባል በ1711 ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ አቤት አለ። ፕሬዚዳንቱ ማን ነበር? ኒውተን! በ1712 ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የኮሚቴውን ሪፖርት የጻፈውም ኒውተን ራሱ ነው። ይኼን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የእድራችን ገንዘብ የጎደለ ጊዜ አጣሪ ኮሚቴውን የመራው ገንዘብ ያዡ ነበር። "ሒሳቡ ትክክል ነው" ተባለ፤ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ላይብኒዝ የክላርክን አምስተኛ መልስ ሳይመልስ በኅዳር 1716 ሃኖቨር ውስጥ ሞተ። ክርክሩን በዓመቱ ያሳተመው ክላርክ ነው።

አዎ፣ ወንበሩ። ኬክ ተቆረሰ፤ ማንም አልመጣም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን፣ ቦርሳቸውን፣ ቁልፋቸውን፣ ጫማውን ሰብስበው ተነሱ። ከባዶው ወንበር ላይ የሚያነሱት ነገር አልነበረም። እሱንም ግን ዞር ብለው አዩትና፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።