የአጥንት ከሰል ማጣሪያ የሚበላሽበት ቦታ

ስለ ውሃ ማጣሪያ እዚህ የወጣው ጽሑፍ፣ የአጥንት ከሰል (የተከሰለ የእንስሳ አጥንት) በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ማዕድን፣ እንደሚቀንስ በደንብ አስረድቷል። አከሳሰሉን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ አልተዋጠልኝም፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

አጥንቱ የሚከሰለው አየር በተነፈገው ምድጃ፣ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ከዚያ ካነሰ ስቡ በቅጡ ስለማይቃጠል ውሃው ቀለም ያመጣል፣ ይሸታል፤ አንዴ የቀመሰው ሰው ደግሞ ወደ ማጣሪያው አይመለስም። ሙቀቱ ከ600 ካለፈ ከሰሉ እየነጣ ይሄዳል፣ ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። ከተፈጨና ከተነፋ በኋላ የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል ይታጠባል።

ሌላው የሚዘነጋው የሚያልቅበት ጊዜ ነው። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ወደ 1 ለማውረድ፣ በቀን 20 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ማጣሪያ በየቀኑ 80 ሚሊ ግራም ይይዛል። አንድ ግራም ከሰል 2 ሚሊ ግራም ቢይዝ፣ በማጣሪያው ያለው 10 ኪሎ ከሰል በ250 ቀን አቅሙ አለቀ። ያን ጊዜ የውሃው መልክም ጣዕሙም አይለወጥም፤ የሚያሳብቀው ልኬት ብቻ ነው (የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው)።

በጽሑፉ ሥር «አፍልቶ መጠጣት ይበቃል» ላላችሁት፦ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። ውሃው ተንኖ 20 ሊትሩ 15 ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሊትር ያለው ፍሎራይድ እንዲያውም በሲሶ ይጨምራል።

አጥንቱ የምን እንስሳ እንደሆነም ለተጠቃሚው አስቀድሞ ይነገረው፤ በዚህ ጥያቄ ብቻ ሳይከፈት የሚቀር ማጣሪያ ይኖራል።