የጤና መድን ዜና ለምን ከአዳራሽ አይወጣም?

የመኸሩ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ በክልል ቴሌቪዥኖቻችን አንድ ዜና አይጠፋም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባና እድሳት። ካሜራው ከባነሩ ይጀምርና የታሸገ ውኃ የተደረደረበትን ጠረጴዛ አልፎ መድረኩ ላይ ያርፋል። ኃላፊው ከእቅዱ ስንት በመቶ እንደተከናወነ ይናገራሉ፣ ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው እንዲሠሩ ያሳስባሉ። ቀጥሎ አንድ አርሶ አደር በትንሽ መዋጮ ቤተሰባቸውን እንዳሳከሙ ይመሰክራሉ። በቃ፣ ወደ ስፖርት።

አርሶ አደሩ ዋሹ አልልም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው አሠራር፣ ለመታከም በሬውን ይሸጥ የነበረውን ብዙ ሰው ታድጓል። ግን ያ አባል ቴሌቪዥን ሲያይ ስንት ሰው እንደተመዘገበ አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ነው። ተሰልፎ ሲደርስ «ይቺ አለች፣ ሁለቱ የሉም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ማዘዣው ይመለስለታል። ከውጭ የገዛበት ብር ይተካለታል? በምን ዓይነት ደረሰኝ? ለማን አቤት ይበል? ይህን የሚመልስ ዜና ብርቅ ነው።

መድኃኒቱ ለምን እንደሚጠፋማ ጭራሽ አይነሳም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጣቢያዎቹ ስለ ዶላር ብዙ አወሩ። አብዛኛው መድኃኒት የሚገባው ከውጭ አገር ነው። ብር ሲወርድ የመድኃኒት ዋጋ ይወጣል፣ የመድኑ ቋት ግን ያለው ቀድሞ የተሰበሰበው መዋጮ ነው። ቋቱ ሲሳሳ ለሆስፒታል የሚከፈለው ይዘገያል፣ ሆስፒታሉም መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መስኮቱ ላይ እናውቀዋለን። የዶላሩ ዜና በቢዝነስ ሰዓት፣ የመድኑ ዜና በማኅበራዊ ሰዓት ይነበባል፤ ሁለቱን ያገናኘ ዘጋቢ ካለ እኔ አላየሁም።

የመንግሥት ሠራተኛውም ነገር እንዲሁ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ሌላው መድን፣ የማኅበራዊ ጤና መድን፣ አዋጅ ቁጥር 690 የወጣለት በ2002 ዓ.ም. ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። ሊጀመር ነው ሲባል ደመቅ ብሎ ይዘገባል፤ ሲራዘም ግን ዝም። ለምን ተራዘመ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ምን ብለው ተቃወሙ የሚለውን ሠራተኛው የሚሰማው ሻይ ቤት ነው።

ዘጋቢዎቹን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ጋዜጠኛው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ተጠርቶ ነው፤ መኪናውም አበሉም ከጠሪው ሲሆን ዜናውም የጠሪው ይሆናል። ጤና ተቋም ገብቶ ለመቅረጽ ደግሞ ፈቃዱ ራሱ ስንት ደጅ ያስጠናል።

ስብሰባ መዘገብ ካልቀረ ግን ሊቀረጽ የሚገባው አንድ ስብሰባ አለ፦ የወረዳው መድን አባላት ጠቅላላ ጉባኤ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ መዋጮው ይጨመር ወይስ ባለበት ይቆይ ተብሎ ሊሟገቱበት የሚገባው እዚያ ነው። ካሜራው ከመድረኩ ዞር ይበልና ከኋላ ወንበር እጁን ያወጣውን ሰው ያናግር።