የአክስቴ አንገት የት ገባ?

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ ፎቶ ቤት የቤተሰባችንን ፎቶ ተቀብዬ መጣሁ። ዘጠኝ ሰው ነን። የወንድሜ ልጅ የተመረቀ ዕለት የተነሳነው ነው። ትልቅ ሆኖ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የሰጡኝ። ለምረቃው ከቢቸና የመጡት አክስቴ ገና አልተመለሱም ነበርና መጀመሪያ ለእሳቸው አሳየኋቸው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አራቁት። ደግሞ አስጠጉት።

«ይቺ ደርባባ ሴትዮ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ እትዬ።»

«ተው እንጂ! እኔንስ መቼ ነው የምታነሱኝ?»

እውነታቸውን ነው። አንገታቸው ላይ ያለው ሦስት ረድፍ ንቅሳት የለም። የግንባራቸው መስቀል የለም። ፍንጭታቸው ተደፍኗል። ፍንጭት ነው የምላችሁ! ባላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «እኔ እዚህ ቤት በበር አልገባሁም፤ በዚያች ፍንጭት ሾልኬ ነው» እያሉ የኖሩባት ፍንጭት።

ንቅሳት ደግሞ እንዲሁ አይገኝም። አክስቴ በልጅነታቸው ሲነቀሱ ሁለት ሴቶች እጅና እግራቸውን ይዘው፣ ሦስተኛዋ በመርፌ እየጠቀጠቀች ጥላሸት ታሽበት ነበር። አንገታቸው አብጦ ሰው ሲጠራቸው እንደተጠመደ በሬ መላ አካላታቸውን ነበር የሚያዞሩት። ያን ሁሉ ስቃይ አንድ ጎረምሳ ማስቲካ እያኘከ በማውስ ጠረገው።

ሌሎቻችንም አልተረፍንም። አባቴ ጥቁር ናቸው፤ ይኮሩበታልም። እናቴ ጠይም ናት። ወንድሜ ቀይ ዳማ ነው። ምራታችን ደግሞ ቀይ። ፎቶው ላይ ግን ዘጠኛችንም ካንድ ምጣድ ተራ በተራ የወጣን እንጀራ መስለናል። ያውም ዓይን የሌለው እንጀራ።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ተረት አለ። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ።» ብዙ ሰው ስድብ ያደርገዋል። ለእኔ ግን ትልቅ የግንባታ እውቀት ያለበት ተረት ነው። «ይደግፉ» ነው እኮ የሚለው። የዘመመ ቤት አይታችኋል? ጎኑ ላይ ባላ ይቆምለታል። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው፤ በሩም ምድጃውም ከቦታው አይነቃነቅም። የጥንት ሰዎች አፍንጫው ወደ ግራ ያዘነበለ ልጅ ሲወለድላቸው «መልካሙ» ይሉትና ነገሩን ይዘጉታል። አፍንጫውን አይነኩም። እንዲህ ያለ ሰው ሰፈራችንም አለ። ስሙን አልናገርም፤ ስሙ ራሱ ያስቃል። ብቻ ገበያ ቢሞላ፣ ጥምቀት ቢሆን፣ ያንን አፍንጫ ከሩቅ አይቶ የሚስተው የለም። የዛሬው ፎቶ አንሺ ግን ድጋፍ አያውቅም። ቤቱን አፍርሶ ሌላ ይሠራል። በላይ ዘለቀ ዛሬ ተነስቶ እዚያ ፎቶ ቤት ቢገባ ያ ጎፈሬው ተስተካክሎ፣ ጉንጩ ተለስልሶ፣ የባንክ ቤት ሠራተኛ መስሎ ነበር የሚወጣው።

እርግጥ ጥፋቱ የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። የድሮው ባለ ቀለም ፊልምም ለእኛ ፊት ታስቦ አልተሠራም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያዎች የሚልከው የቀለም መመዘኛ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ «ሸርሊ» ይሏታል። የሸርሊ ፊት ካማረ ፎቶው አማረ ማለት ነው። አጠገቧ ጥቁር ሰው ከተቀመጠማ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይወጣል። እናቶች የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ፎቶ እያዩ አጉረመረሙ። ሰሚ አላገኙም። መጨረሻ ላይ ጆሮ የተሰጠው ማን ይመስላችኋል? ቸኮሌት አምራቾችና የቤት ዕቃ ሻጮች። «ጥቁሩ ቸኮሌት ከወተቱ ቸኮሌት አልለይ አለን፣ የእንጨታችንም ቀለም አይታይም» ሲሉ ነው ነገሩ የተንቀሳቀሰው። በኋላ የወጣው ፊልም ደግሞ «ጥቁር ፈረስ በደብዛዛ ብርሃን ያነሳል» ተብሎ ተዋወቀ። ሰው ማለት ከብዷቸው ነው። እኔም ፎቶ ቤቱ ሄጄ «አባቴ እኮ ፈረስ ናቸው» ብል ይሻለኝ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። አንጀሊካ ዳስ የምትባል ብራዚላዊት ፎቶ አንሺ አለች። እንደ ፈረንጆቹ ከ2012 ጀምሮ በየአገሩ ሰው ታነሳለች። ከእያንዳንዱ ሰው አፍንጫ ላይ ትንሽ ቀለም ትወስድና ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በዚያው ቀለም ትሞላዋለች። ከሥሩ የቀለሙን ቁጥር ትጽፋለች። ከ4,000 በላይ ሰው አንስታለች። ነጭ የሚባለው ነጭ፣ ጥቁር የሚባለውም ጥቁር ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው ብዙም አልገረማቸውም። ጤፍ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኛውን ከነጩ፣ ሰርገኛውን ከቀዩ ሲለዩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያውም በጣታቸው ዘገን አድርገው። ፎቶውን እንደገና አዩትና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ሰርገኛውን ማኛ ብሎ ነው የሸጠላችሁ።»

ቢቸና ገበያ ላይ እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ጆንያውን ተሸክሞ ነው የሚባረረው። ፎቶ ቤት ሲሆን ግን «ኤዲት» ይባልና ተጨማሪ ሂሳብ ይጠየቅበታል።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ አንዲት ቃል አለች የምታበሽቀኝ። «እንጂ» ትባላለች። «ጠቆር ብላለች እንጂ ቆንጆ ናት።» ምን አመጣው «እንጂ»ን? ልጅቷ ዕዳ አለባት? ሽማግሌ ሊልኩ ሲማከሩ «እንጂ»። አራስ ጥየቃ ሄደው ገና ዓይኑ ያልተገለጠ ጨቅላ ላይ ጎንበስ ብለው «እንጂ»። የሦስት ቀን ልጅ ነው እኮ! ገንፎውን በልታችሁ ዝም ብላችሁ አትሄዱም? ከዚያ በኋላ ልጅቷ አድጋ ደመወዟን በቅባት ስትጨርስ «የዘንድሮ ልጆች ምን ነካቸው» ይላሉ እነዚያው ሰዎች።

ወደ ፎቶው ልመለስ። የተነሳን ዕለት የፎቶ ቤቱ ልጅ አክስቴን «እማማ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ይበሉ፣ ያምርብዎታል» አላቸው። «ምን በወጣኝ! እኔ ይሁዳ ነኝ?» አሉት። ልጁ አልገባውም። ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ቢሆን ይገባው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። በጎኑ፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። (እርግጥ ቅዱሳኑም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ጽድቅ ያመሳስላል ብለን እንለፈው።) አክስቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ንቅሳታቸው እንዲታይ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ተነሱ።

እኔ ግን ባንድ ዓይን ወጥቼ አውቃለሁ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶ ነበር። ፎቶ ቤቱ አንድ ኮት ነበረው። የዚያን ዓመት ተፈታኞች በሙሉ ያንን ኮት ለብሰን ነው የተነሳነው። የእኔ ተራ ሲደርስ ኮቱ በሌላ ሰው ላብ ረጥቧል፤ እጅጌው ጣቴን ይሸፍናል። «አትሳቅ» አለኝ። ማን ሳቀ? ብልጭ ሲል ግራ ዓይኔ ተጨፈነ። ፎቶው ሲታጠብ የዘጌውን ዲያብሎስ መስያለሁ። ድጋሚ አንሳኝ ስለው «የጨፈንከው አንተ ነህ» ብሎ እንደገና አስከፈለኝ። ሦስት ብር! በዚያ ዘመን ሦስት ብር ስንት ቀን ምሳ እንደነበረ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰውየው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይስመኛል። እኔም እስመዋለሁ። ሦስቷን ብር ግን አልረሳኋትም።

የሆነ ሆኖ ሰኞ ዕለት ፎቶውን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ስለ ንቅሳት፣ ስለ ሸርሊ፣ ስለ ጤፍ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ማስቲካውን አቁሞ ሰማኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ጆሮዬ ሥር መጥተው ‹ከላይ ትንሽ ሙላልኝ› ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ። የእርስዎን ብቻ ባሳምር ሌላው ይቀየማል ብዬ ነው ሁሉንም የነካካሁት።»

አልካድኩም። ከአሥር ዓመት በፊት የተሰናበተኝ ፀጉር ፎቶው ላይ ተመልሷል፤ ያውም ከነወዙ። እስካሁን ያልነገርኳችሁ ረስቼው አይደለም።

«ኦርጅናሉ አለ» አለ ልጁ። «እትዬንም አባትዎንም እመልሳቸዋለሁ። ግን ሥራው ባንድ ላይ ነው፤ ከመለስኩት ሁሉም ነው የሚመለሰው።» አናቴን አየት አደረገ። «ልመልሰው?»

አስቤበት እመጣለሁ ብዬው ወጣሁ። ይኸው እያሰብኩ ነው። ፎቶው ቁም ሳጥን ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። አክስቴ የፊታችን ሐሙስ ወደ ቢቸና ይመለሳሉ። ዛሬም ጠዋት ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አድርገው «መቼ ነው የምታነሱኝ?» አሉኝ።